የሁለት ጣት ክፍተት

በጣልያን ጊዜ ትምህርት ተቋርጦ ነበር የሚሉ ሁሉ ተሳስተዋል። ቡታጅራ ውስጥ ቢያንስ በአንድ ቤት አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ክረምት ጠንክሬ የተማርኩበት ጊዜ የለም። ሁለተኛው ስህተት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎቻችን ነው። "ኦን"፣ "ኦቨር" እና "አባቭ" ሁሉም "ላይ" ማለት ናቸው፣ ልዩነታቸው ኢምንት ነው፣ ሲለመድ ይመጣል ይላሉ። ኢምንት አይደለም። አንድ ዕቃ ሌላውን መንካቱና አለመንካቱ ሰው ሊያስገድል እንደሚችል በዘጠኝ ዓመቴ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ ዝም ብዬ እበሳጫለሁ እንጂ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ወንድሜና ሚስቱ ወደሚኖሩበት ወደ እናታችን ቤት ሄጄ ነበር። ክትፎ ቀረበ። ጣባ የምንለው ጥቁር የሸክላ ሳህን እሳት ዳር ሞቆ ቅቤ ሲነካው አንድ ሽታ አለው፤ ግማሹ ቅቤ፣ ግማሹ ዝናብ የመታው አፈር። ያንን እየማግኩ ቀና ብል የወንድሜ ሚስት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጣባዎች አጠጋግታቸዋለች። ለካላንደር ቦታ ፈልጋ ነው። እጄን ሳልታጠብ ተነሥቼ አንድ በአንድ አራራቅኋቸው። እሷ ወንድሜን አየችው፤ ወንድሜ ጣሪያውን አየ። ወንድሜ ያኔ ጡት ይጠባ ስለነበር ባያስረዳትም አልፈርድበትም፤ አያውቅም። ስለዚህ እኔ ላስረዳ።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ከሾላ ዛፍ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጣሪ ጥፍር አድርጎ አሰረውና መስቀል እስኪደርስ መሬት እንዳልረግጥ ነግሮኝ ሄደ። እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ከቤት የማይወጡ ሁለት ሰዎች ሆንን፤ እኔ በእግሬ ምክንያት፣ ጋሼ ሰይድ በአንገቱ ምክንያት።

የጋሼ ሰይድ ስም ሰይድ አልነበረም። አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ የነበረ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ አማኑኤልን ካልጠራ የማይምል ክርስቲያን ነው። የተማረ ሁሉ በሚታደንበት ሰሞን፣ አባቴ ከቆሼ በርበሬ እያመጣ የሚያስረክበው ደንበኛው ስለነበር፣ በበቅሎ ጭነት መሐል በቡኢ በኩል አሳልፎ አመጣው። ጢም አስረዝመው ነጭ ቆብ ደፉበት። አማርኛው የቡታጅራ ሰው አማርኛ ስላልሆነ "ከወሎ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው" ተባለ። ዓርብ ዓርብ መስጊድ እንዳይሄድ ቁርጥማት ይነሣበታል፤ ቁርጥማቱ ቅዳሜ ጠዋት ይለቀዋል። በሐምሌ ከቡኢ ወዲያ አንድ የቀድሞ አስተርጓሚ ከደበቁት ቤተሰብ ጋር ተይዞ መወሰዱን፣ ቤቱም መቃጠሉን አባቴ በሹክሹክታ ሲያወራ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርጥማቱ ሐሙስ ማታ ይጀምር ነበር።

እናቴ ነገሩን በራሷ መንገድ ነው የያዘችው። ሶላቷን የማታሳልፍ፣ በገበያ የማትታለል ሴት ነበረች። ሰውየው በገባ ማግስት አዲስ ድስትና አዲስ ጣባ ገዝታ መጣች፤ የእስላም ሥጋ ያልነካቸው። "ሃይማኖቱን ይዞ ገብቷል፣ ይዞት ይወጣል። አማና ነው፣ የአላህ አደራ" አለች፤ አባቴም እንደ ልማዱ ተስማማ።

ችግሩ ጋሼ ሰይድ ይህን ያህል ጾመኛ አለመሆኑ ነበር። ረቡዕ መሆኑን የምታስታውሰው እናቴ ናት። ቆጮውን በአይብ ሊጎርስ እጁን ሲዘረጋ "ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሮብ ነው" ትልና አይቡን ታነሣበታለች። ፍልሰታ ሲቃረብ የሚገባበትን ቀን እሱ ሲጠራጠር፣ እሷ ክርስቲያን ጎረቤቶቿን ቅቤ መቼ እንደሚረክስ ትጠይቅና ቀኑን አውቃ ትመለሳለች። ድፍን ሁለት ሳምንት ጎመን በላ። እንደዚያ ክረምት ጾሞ እንደማያውቅ፣ ንስሐ አባቱ ቢያዩት በደስታ እንደሚያለቅሱ ለእኔ በምሬት አጫውቶኛል።

ትምህርቱን የጀመረው መቀመጥ ሰልችቶት ነው። ወረቀት ቤት ውስጥ ማግኘት አደጋ ስለነበር አልጻፍንም። የነበሩን ዕቃዎች የጣልያን ቲማቲም የመጣበት አንድ ባዶ ጣሳና አንዲት ባቄላ ናቸው፤ ሲቸግር ከእናቴ ኩባያና እፍኝ ባቄላ እንዋሳለን። ጣሳውን ይደፋና ባቄላዋን አናቱ ላይ ያስቀምጣታል፤ "ኦን"። አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በጣቱ ይይዛታል፤ "አባቭ"። ከወዲህ ወደ ወዲያ በአናቱ ያሻግራታል፤ "ኦቨር"። ጎኑ ሲያኖራት ደግሞ ጉድ ነው። ሳትነካው ከጎኑ ካለች "ቢሳይድ"፣ ከተደገፈችው "አጌይንስት"፣ ራቅ ካለች "ኒር"፣ በጣሳውና በኩባያው መካከል ከገባች "ቢትዊን"፣ ከሌሎች ባቄላዎች ከተቀላቀለች "አሞንግ"። ስሳሳት አይቆጣም። "መጀመሪያ ነካች ወይስ አልነካችም ብለሽ ጠይቂ። የቀረው ቀላል ነው" ይለኛል።

በዚህ የተነሣ እንግሊዞች ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃ ከዕቃ መነካካቱን ሲመረምሩ የሚውሉ ሕዝብ መሰሉኝ። ጣልያኖች ጋሼ ሰይድን የሚፈልጉት እነዚህን ቃላት ሰርቋቸው እንደሆነም አልተጠራጠርኩም፤ ባይሆን ኖሮ ለምን በሹክሹክታ ያስተምረኛል? ወታደር በደጅ ሲያልፍ ማስረጃው እንዳይገኝ ባቄላዋን አፌ ውስጥ እደብቃታለሁ። አንድ ቀን ደንግጬ ዋጥኳት። ጋሼ ሰይድ ጣሳውን አነሣ፣ ሥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ያቺ ባቄላ አሁን የት ናት?" አለኝ። "ኢን" አልኩት፣ ሆዴን እያሳየሁ። ቆቡን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሳቀ፤ በዚያ ክረምት እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሌላ ቀን አውሮፕላን መጣ። እናቴ ወንድሜን ታቅፋ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች። ጋሼ ሰይድ ከመደቤ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ወደ ጣሪያው እያየ "አባቭ ነው ኦቨር?" ብሎ ጠየቀኝ። "ኦቨር" አልኩት። ለምን ሲለኝ "ያልፋላ" አልኩ። በርቺ አለኝ፤ እጁ ግን ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ መደቤን አልለቀቀም። በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ካስተማረኝ ግማሹ ልክ እንዳልነበረ ደርሼበታለሁ። መጻሕፍቱን የጻፉት ሰዎች ግን አውሮፕላን ሲያልፍባቸው አላስተማሩም።

መደቤ ከግድግዳው ትይዩ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ ያየሁት ጣባዎቹን ነው። ሰባቱ የቤቱ ጣባዎች በቃጫ ገመድ ከኩላባቸው ተንጠልጥለው፣ ጫፍና ጫፋቸው ተነካክቶ፣ እንደ ጨሌ ተደርድረዋል። ስምንተኛዋ፣ የጋሼ ሰይድ፣ ከነሱ አንድ ክንድ ርቃ ብቻዋን ተሰቅላለች። አንድ ቀን የእሱ ጣባ የት እንዳለች ጠየቀኝ። "ቢሳይድ" ስለው ክንድ ሙሉ ርቃ "ቢሳይድ" አትባልም፣ "ኒር" በይ አለኝ። እናቴ ከምድጃው ዘንድ ሆና ምን እንደምንባባል ጠየቀች። ነገርኳት። እንዳትነካ ብላ መሆኑን፣ ክቡር እንግዳ ዕቃው ከሌላው ዕቃ እንደማይቀላቀል አስረዳችኝ። ጋሼ ሰይድ ያን ቀን ጣባዋን ረዘም አድርጎ አያት። ግን በዚያ ቤት እናቴን የሚያርም ሰው አልነበረም።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ፣ አባቴ ቆሼ እያለ፣ እስላም ጎረቤቶቻችን ቅርጫ አርደው ነበርና ቤታችን ሥጋ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ገደል ወረደ። በሩ ላይ "አሰላሙ አለይኩም" የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማን። ሹምባሽ ነው፤ ጣልያን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያመጣቸው ወታደሮች አለቃ። ታርቡሽ የሚባለው ቀይ ቆቡ ውሃ ያንጠባጥባል። አንድ ወታደሩን ከበቅሎዎቹ ጋር ጣሪያው ጠርዝ ሥር አቁሞ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንድናስጠልለው በትሕትና ለመነ።

እንግዳ በዝናብ ደጅ አይቆምም፣ ያውም እስላም፣ ያውም ጠመንጃ የያዘ። እናቴ ሥጋውን መክተፍ ጀመረች። በቤቱ ያለው ወንድ ጋሼ ሰይድ ብቻ ስለሆነ እንግዳውን የማጫወት ዕዳ በእሱ ወደቀ። ሹምባሹ ስለ ወሎ ጠየቀው፤ ወሎን በእግሩ ረግጦ የማያውቀው ሰው ስለ ወሎ ዝናብ፣ ስለ ወሎ ጭቃ፣ ስለ ወሎ ቁርጥማት ብዙ ተናገረ። ክትፎው ቀረበ። ሹምባሹ ሦስት ጊዜ ጎረሰ፣ አላህን አመሰገነ፣ ጀርባውን ወደ ምሰሶው አስደግፎ ዓይኑን በቤቱ አዞረ። ግድግዳው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

"እህቴ" አለ በአገጩ እያመለከተ፣ "ያቺ ጣባ ከማን ጋር ተኳርፋ ነው?"

የእናቴ ቢላዋ ቀጥ አለ።

"ሰባቱ ተቃቅፈዋል። አንዷ ብቻዋን። በዚህ ቤት ለብቻው የሚበላ ማን ነው?"

ያኔ ነው የገባኝ። "ኒር" እና "ቢሳይድ" ለእኔ የባቄላ ጨዋታ ነበሩ። ለዚህ ሰው ግን ያቺ አንድ ክንድ ባዶ ግድግዳ ደብዳቤ ነበረች። ጣልያን ቢሆን መቶ ጊዜ ገብቶ ቢወጣ አያያትም። እሱ ግን እስላም ነው፤ ከክርስቲያን ጋር ጎረቤት ሆኖ ያደገ፣ የእናቱ ቤትም እንዲህ ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ዕቃ የነበረበት ሰው። የእናቴን ጨዋነት አነበበው። እናቴ ጋሼ ሰይድን ለማክበር ብላ የሰቀለችው ዕቃ እነሆ ስሙን እየጠራ ነው።

"የኔ ናት" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የታሰረ እግሬን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ፣ አጥንቴ እስኪገጥም ከሰው ጋር እንዳልበላ ወጌሻው አዞኛል አልኩ። እንዲህ የሚያዝ ወጌሻ በጉራጌ አገር ተወልዶ አያውቅም።

ሹምባሹ ስሜን ጠየቀኝ፤ ሸምሲያ አልኩት። እኔን የምታክል ልጅ ምጽዋ እንዳለችው፣ እሷ ግን ለብቻሽ ብዪ ብትባል ቤቱን እንደምታፈርሰው ነገረኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ "አውርጂላት እንጂ። እኔ እየበላሁ ልጅ ዓይኗ ይንከራተት?" አለ።

እናቴ ጣባዋን ከኩላቧ በሁለት እጇ አወረደቻት። ሹምባሹ ከራሱ ፊት በጣቶቹ ዘግኖ ክትፎውን ቆለለባት። አራት ወር ሙሉ ሥጋ ያልነካት ጣባ በቅቤ ራሰች። እናቴ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። እኔም በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጉርሻ የለም፤ መጣፈጡን ግን አልክድም።

"አንተስ ወንድሜ?" አለ ሹምባሹ፣ አሁን ወደ ጋሼ ሰይድ። "ከመጣሁ ጀምሮ እጅህ ከጋቢህ አልወጣም።"

እጁ ወጣ። መደቤ ላይ ሆኜ በደንብ አየሁት። ፈርቶ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አራት ወር የጎመን ሰው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ደግሞ እግዜርም አይሰጠውም። እጁ ግማሽ መንገድ ሲደርስ እናቴ ዘወር ሳትል ተናገረች።

"እሱ ኮሶ ጠጥቷል።"

እጁ አየር ላይ ቀረ። "አባቭ" ማለት ያ ነው።

ኮሶ የጠጣ ሰው ሥጋ እንደማይቀርበው ማንም ያውቃል። ሹምባሹም ያውቃል። ግን ኮሶ የጠጣ ሰው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ያንንም ያውቃል። ጋሼ ሰይድን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

"ዛሬ ነው የጠጣው?"

"ዛሬ ጠዋት" አለች እናቴ።

"ኮሶ የጠጣ ሰው እንዲህ ተደላድሎ ተቀምጦ የወሎን ወሬ ያወራል?"

ጋሼ ሰይድ እናቴን አየ። ከዚያ ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ፣ አንድ የሚያሳዝን ድምፅ አሰማ፣ ጋቢውን ጥሎ በጓሮው በር እንሰቱ ውስጥ ተወረወረ። ሹምባሹ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዝናቡ ለተጨማሪ አንድ ሰዓት አላባራም፤ ጋሼ ሰይድም አልተመለሰም። ሹምባሹ በየመካከሉ ወደ ጓሮው እየጮኸ አላህ በሰላም ያውርድልህ ይለዋል፤ ከእንሰቱ ውስጥ "አሚን" የሚል የተንቀጠቀጠ መልስ ይመጣል።

ሲያባራ ሹምባሹ እጁን ታጠበ፣ መረቀን፣ ታርቡሹን ደፋ። በሩ ላይ ግን ሳቁን ትቶ ወደ እናቴ ዝቅ አለ። ለእሷ ብቻ የተባለ ነበር፤ መደቤ ለበሩ ቅርብ ስለሆነ ሰማሁት።

"እህቴ፣ ግድግዳሽን አስተካክዪ። ከኔ ቀጥሎ የሚመጣው እንደኔ ጠግቦ ላይወጣ ይችላል።"

ጋሼ ሰይድ የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። እናቴ ጣባዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ከአደጋ በመዳናችን የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሱም መስሎት ይሆናል፣ ሊያጽናናት ሞከረ። እሱ እኮ ሊበላ ተዘጋጅቶ እንደነበር፣ ለነፍስ ማዳን የተደረገውን እግዜር ይቅር እንደሚል ነገራት።

"እሱ ይቅር ይልህ ይሆናል" አለችው። "እኔን ማን ይቅር ይለኛል? በኔ ቤት፣ በኔ ክትፎ?"

ጭቃው ከጋሼ ሰይድ እግር ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቆቡን አውልቆ፣ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሣት። ራሱ መላጣ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴ አዲስ ጣባ ገዛች። አሮጌዋን ወደ መደቤ አምጥታ "የኔ ናት ብለሻል፤ እንግዲህ ያንቺ ናት። ልጄ ዋሾ እንዳትባል" አለችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ባዶ አደረገችው። ኩላቦቹን ሁሉ ነቅላ በዱላ ጭንቅላት እንደገና መታቻቸው፤ ዘጠኙንም ጣባዎች መልሳ ስትሰቅል ሌባ ጣቷንና የመሐል ጣቷን ገጥማ በየመካከላቸው ትለካ ነበር። ጨርሳ ዞር ስትል ሁሉም ከሁሉም እኩል ርቀዋል። የትኛዋም የትኛዋን አትነካም። የትኛዋም ብቻዋን አይደለችም።

ጋሼ ሰይድ የእሱ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቃት።

"አልነግርህም" አለች። "ካወቅክ ዓይንህ ይሄዳል። ዓይንህ ከሄደ የሰው ዓይን ይከተለዋል።"

ወደ እኔ ዞሮ የት እንዳለች በእንግሊዝኛ እንድነግረው አዘዘኝ። "ቢትዊን" አልኩ፤ ለሁለት ነው አለኝ። "አሞንግ" አልኩ። በ"አሞንግ" የተቀላቀሉት ባቄላዎች ተነካክተው እንደነበር አስታወሰኝ፣ እነዚህ ግን አልተነካኩም። ጣሳውን አገላበጠ፣ ግድግዳውን አየ፣ እናቴን አየ። "ለዚህኛው እነሱም ቃል ያላቸው አይመስለኝም" አለ።

በኋላ ተሰናብቶን ሲሄድ ሃይማኖቱን ይዞ ነው የወጣው፤ ሲገባ ከነበረው በብዙ ጾም አብልጦ። እናቴም ጣባዋን አላነሣችም። ሌላ ሰው በላባትም አልበላባትም አላውቅም፤ የትኛዋ እንደሆነች ሳትናገር አልፋለች። ግድግዳው ላይ አሁንም ዘጠኝ ናቸው፣ አንዷ የኔ፣ አንዷ የእሱ።

እንግዲህ የወንድሜ ሚስት ካላንደሩን ምሰሶው ላይ ትስቀለው። እናንተ አንባቢዎች ደግሞ፣ ቡታጅራም ሆነ ጉንችሬ፣ ሰው ቤት ገብታችሁ ጣባዎቹ ያለ ምክንያት የተራራቁ ቢመስላችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። አታጠጋጓቸው።